ቮሊዩም የበዛበት ሁሉ ይበልጣል? ለዴክሶች ንጽጽር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳር ወጣቶች የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ጽሑፍ እየተዘዋወረ ነው። ያልተማከሉ የክሪፕቶ ገበያዎችን፣ በተለምዶ ዴክስ የምንላቸውን፣ በሃያ አራት ሰዓት ቮሊዩማቸው፣ ማለትም በቀን በተገበያየባቸው የገንዘብ መጠን፣ ደርድሮ ያወዳድራል። ፓንኬክስዋፕ፣ ዩኒስዋፕ፣ ሬይዲየም፣ ኦርካና ከርቭ በአንድ ሠንጠረዥ ገብተዋል። አናት ላይ ያለው ምርጥ ተብሏል፤ ግርጌ ያለው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ተፈርዶበታል። ጽሑፉ በዚህ ሳያበቃ ምክርም ይሰጣል፦ ጣና ዳር ተቀምጦ ስልክ የያዘ ወጣት ኒውዮርክ ካለው ነጋዴ እኩል ነውና፣ ያጠራቀመውን ብር ወደ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ዲጂታል ገንዘብ) ለውጦ ቮሊዩሙ ወደ በዛ ፑል ቢያስገባ ያለ ስጋት ከየግብይቱ ድርሻው እየተቆረጠለት ይኖራል ይላል።

ጽሑፉ የጸሐፊ ስም የለውም። አዘጋጁ ግን ሥራውን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ሠንጠረዡ በጥንቃቄ ተሠርቷል፣ ቃላቱም የሙያው ናቸው። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው። በግድየለሽነት የተጻፈ ማስታወቂያ ቢሆን ማንም ይለየዋል። ይህን ግን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊና ፔዳ ግቢ ያሉ ተማሪዎች፣ ቀን ባጃጅ ሲነዱ ውለው ማታ ቻርት የሚያዩ ልጆች እንደ ጥናት እየተቀባበሉት ነው፤ ከቤተሰብ የተላከ ገንዘብ ሊያንቀሳቅሱበት ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

የመጀመሪያው ነጥብ ቮሊዩም የበዛበት ገበያ ጥልቅ ነው የሚለው ነው። የሁሉም መሠረት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አየዋለሁ።

በዴክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንገበያየው ከሰው ጋር ሳይሆን ከፑል ጋር ነው። ፑል ሁለት ዓይነት ቶክን (ዲጂታል ገንዘብ) አንድ ላይ የተቀመጠበት ቋት ነው፤ ዋጋውን የሚያወጣውም ቀመር ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ሥራ የጀመረው ዩኒስዋፕ የተጠቀመበት ቀመር ቀላል ነው፦ የሁለቱ ቶክኖች ብዛት እርስ በርስ ሲባዛ ውጤቱ መለወጥ የለበትም። አንዱን ስትጨምር ሌላው ይቀንሳል፣ ዋጋውም በዚያው ይንሸራተታል። በየዴክሱ ብዙ ማሻሻያ ቢደረግበትም ሐሳቡ ዛሬም አለ።

በዚህ ቀመር አንድ ስሌት እንሥራ፤ ክፍያውን ለጊዜው እንተወው። በእያንዳንዱ ወገን 100,000 ዶላር የሚያወጣ ቶክን ያለበት ፑል ውስጥ በ1,000 ዶላር ብትገዛ 990 ዶላር ያህል የሚያወጣ ቶክን ታገኛለህ። በእያንዳንዱ ወገን 5,000 ዶላር ብቻ ያለበት ፑል ውስጥ በዚያው 1,000 ዶላር ብትገዛ ግን የምታገኘው 833 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ነው። በአንድ ጠቅታ ከገንዘብህ አንድ ስድስተኛው ሄደ። እንግዲህ ያ 5,000 ዶላር ያለበት ትንሽ ፑል ቀኑን ሙሉ በ10 እና በ20 ዶላር ግብይት ሲርመሰመስ ቢውል፣ በጸሐፊው ሠንጠረዥ ውስጥ ከትልቁ ፑል በላይ ሊቀመጥ ይችላል። ቮሊዩም ትናንት ስንት እንዳለፈ ይነግርሃል። አንተ ነገ ይዘህ የምትመጣው ገንዘብ ዋጋውን ስንት እንደሚያንሸራትተው ግን አይነግርህም። ገበያን ጥልቅ የሚያሰኘው ይህ ሁለተኛው ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ጸሐፊው ከርቭን ቮሊዩሙ አነሰ ብለው ታች አስቀምጠውታል። ከርቭ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲጀምር የታወቀው ስቴብልኮይንን፣ ማለትም እንደ ዩኤስዲቲ ዋጋው እንዳይዋዥቅ የታሰረ ቶክንን፣ በሌላ ስቴብልኮይን በመለወጥ ነው፤ ክፍያው ትንሽ፣ የሚገባበትም ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ትልልቅ ነው። ይህን ትናንት ከተፈጠረ ሚም ኮይን (በቀልድና በወሬ የሚነሳ ቶክን) ፑል ጋር በአንድ ዓምድ ደርድሮ አንዱን አሸናፊ ማለት ምንም አያስተምርም። ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የበለጠ ያሳስበኛል። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ቢትዋይዝ የተባለው ድርጅት ለአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ያቀረበውን ትንታኔ ይጠቅሳሉ፦ በወቅቱ በገበያዎች ከሚነገረው የቢትኮይን ግብይት 95 በመቶው የውሸት ወይም ኢኮኖሚያዊ ትርጉም የሌለው ነው የሚለውን። ይህ እውነት ነው፣ ቀርቧልም። ከዚያ ግን አንድ እርምጃ ዘልለው፣ ያ የተማከሉት ገበያዎች ችግር ነው፤ ዴክስ ግን ሁሉ ነገር ብሎክቼይን በሚባለው ለሁሉም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ስለሚታይ ሊዋሽ አይችልም ይላሉ።

ብሎክቼይን የሚያረጋግጠው ግብይቱ መካሄዱን ነው። ገዥና ሻጩ ሁለት ሰዎች መሆናቸውን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለት ተመራማሪዎች ኢተርዴልታና አይዴክስ የተባሉትን ሁለት ዴክሶች መዝገብ መርምረው ነበር። ከተገበያዩት ቶክኖች ከ30 በመቶ በላዩ የይስሙላ ግብይት እንደተካሄደባቸው አገኙ፤ መጠኑም ቢያንስ 159 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሰዎች ራሳቸው ከራሳቸው ጋር፣ ወይም ከሁለትና ሦስት ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) እየተቀባበሉ ሲሸጡና ሲገዙ ነበር ማለት ነው። ሁሉም የተካሄደው በግልጽ መዝገብ ላይ ነው።

እነዚያ ሁለት ዴክሶች ገዥና ሻጭ በትዕዛዝ የሚገናኙባቸው ነበሩ። በፑል ዘመን ነገሩ ከዚያም ቀለለ። አንድ ሰው ፑሉን ራሱ ከፍቶ ገንዘቡን ብቻውን ያስገባል እንበል። ከዚያ 1,000 ዶላር ይዞ ወዲያና ወዲህ ሺህ ጊዜ ይለውጣል። በሠንጠረዡ 1 ሚሊዮን ዶላር ቮሊዩም ተመዘገበ። ክፍያቸው 0.01 በመቶ የሆነ ፑሎች አሉ፤ በዚያ ስሌት ሺሁ ግብይት የሚያስከፍለው 100 ዶላር ነው፣ እርሱም የፑሉ ብቸኛ ባለገንዘብ ራሱ ስለሆነ አብዛኛው ተመልሶ ኪሱ ይገባል። የኔትወርኩስ ክፍያ? ሶላና በተባለው ብሎክቼይን ላይ የአንድ ፊርማ መነሻ ክፍያ 0.000005 ሶል (የሶላና ቶክን) ነው። አንድ ሶል 200 ዶላር ቢሆን ሺህ ግብይት 1 ዶላር መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ትንሽ ወጪ የሚሊዮን ዶላር ቁጥር ሊሠራ የሚችል ከሆነ፣ በዚያ ቁጥር የተማሪን ገንዘብ መምራት ተገቢ አይደለም።

ሰዎች ይህን ለምን ያደርጋሉ ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ደረጃ ነው፤ ቶክኑ ተወዳጅ መስሎ እንዲታይ። ሌላው ሽልማት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 የተከፈተው ሉክስሬር የተባለው የኤንኤፍቲ (የዲጂታል ሥዕልና መሰል ንብረት) ገበያ በብዛት ለሚገበያዩ የራሱን ቶክን ይሸልም ነበር፤ ወዲያው በቮሊዩም ታላላቆቹን ቀደመ፣ አብዛኛው ግን ለሽልማቱ ሲባል የተደረገ የይስሙላ ግብይት ነበር። ዛሬም ለግብይት ነጥብ የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ፣ ፕሮግራሙ ባለበት ሰሞን ቁጥሩ ያብጣል። ጸሐፊው የአንድ ቀን ቁጥር ወስደው ነው የፈረዱት፤ ያ ቀን የሽልማት ሰሞን ይሁን አይሁን አላዩም።

ይስሙላ ባይኖር እንኳ ድርብ ቆጠራ አለ። ሠንጠረዡ የአግሪጌተሮችን ቮሊዩም ከዴክሶቹ ጋር ደምሮታል። አግሪጌተር፣ ለምሳሌ ዋንኢንች ወይም ሶላና ላይ ያለው ጁፒተር፣ የራሱ ገበያ የለውም፤ ትእዛዝህን ተቀብሎ ዋጋ ወደሚሻልበት ፑል ይመራዋል። ያው ግብይት በአግሪጌተሩም በፑሉም ሲቆጠር ሁለት ይሆናል። በቀጥታ የሚያገናኝ ፑል ከሌለ ደግሞ ቶክንህ መጀመሪያ ወደ ኢተር፣ ከዚያ ወደ ዩኤስዲሲ ይለወጣል፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሸጦ በመዝገቡ ሁለት ስዋፕ (ልውውጥ) ይታያል። የዘጌ ቡና ከጀልባ ወርዶ ከደላላ ወደ ጅምላ ነጋዴ፣ ከጅምላ ነጋዴ ወደ ችርቻሮ ሦስት ጊዜ ቢሸጥ አንዱ ኩንታል ሦስት ኩንታል አይሆንም። የክሪፕቶ መረጃ የሚሰበስበው ድረ ገጽ ዲፋይላማ የዴክሶችንና የአግሪጌተሮችን ቁጥር በተለያየ ገጽ የሚያስቀምጠው፣ ዱን በተባለው ሌላ የመረጃ ድረ ገጽ ላይም ሁለቱ በተለያየ ሰንጠረዥ የተቀመጡት ለዚህ ነው። ጸሐፊው ከሁለቱም ወስደው በአንድ ዓምድ ደመሯቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ላንሳ። ትእዛዝህ ገና በመጠባበቅ ላይ እያለ የሚያይ ቦት (በራሱ የሚገበያይ ፕሮግራም) ካንተ ቀድሞ ይገዛል፣ ያንተ ግዢ ዋጋውን ካስወደደው በኋላ ወዲያው ይሸጣል። ሳንድዊች ይሉታል። አንተ የከፈልከው ትርፍ የቦቱ ትርፍ ነው። ስሊፔጁን፣ ማለትም ዋጋው ሊንሸራተት የሚችልበትን ልክ፣ 10 በመቶ ፈቅደህ ከሆነ እስከዚያ ድረስ ሊወስድብህ ይችላል። አሁን ወደ ቆጠራው ተመለሱ፦ አንድ እውነተኛ ገዥ ነበር፣ በመዝገቡ ግን ሦስት ግብይት ተጻፈ። የተጎዳኸው አንተ ነህ፣ ገበያው ግን በሠንጠረዡ ከፍ አለ። ቮሊዩምን የጥራት መለኪያ ያደረገ ጽሑፍ በሌላ አነጋገር አንተ በተዘረፍክ ቁጥር ገበያውን ያመሰግነዋል። ይህን ስጽፍ እቆጣለሁ፣ ምክንያቱም ስሊፔጅ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ቁልፉን ከፍ የሚያደርጉት አዲስ ገቢዎች ናቸው። ስዋፑ እምቢ ሲላቸው ጨምሩት ይባላሉ፣ ይጨምሩታል።

ሦስተኛው ነጥብ የተጠቃሚ ብዛት ነው። ሶላና ላይ በቀን የሚመዘገበው ትራንዛክሽን ከኢተሪየም እጅግ ስለሚበልጥ ተጠቃሚውም በዚያው ልክ ይበልጣል ተብሏል። ሶላና ላይ ኔትወርኩን የሚያስኬዱት ቫሊዴተሮች የሚሰጡት ድምፅ ራሱ እንደ ትራንዛክሽን ነው የሚመዘገበው፤ ለዓመታት ከጠቅላላው አብላጫውን ይዞ የኖረውም ይኸው ድምፅ ነው። ያንን ሳይቀንሱ ማወዳደር አይቻልም። በዋሌት ብዛትም ቢሆን ያው ነው። ዩኒስዋፕ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ቀደም ብሎ ለተጠቀመ ለእያንዳንዱ አድራሻ 400 ዩኒ (የራሱን ቶክን) ካደለ ወዲህ፣ ነገ ሊታደል ይችላል ብሎ መቶ ዋሌት የሚከፍት ሰው በየቦታው ተፈጥሯል። እኛ ከተማ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሃምስተር ኮምባት የተባለውን የቴሌግራም ጨዋታ ሲነካካ ያልዋለ ወጣት ጥቂት ነበር፤ ከአንድ በላይ የቴሌግራም አካውንት ይዞ የነበረውም ብዙ ነው። አድራሻና ሰው አንድ አለመሆናቸውን ከኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ደረጃው በገበያዎቹ ጥራት ላይ የቆመ ነው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ሚም ኮይን በሚፈጠርበት ፓምፕ ፋን ላይ የተፈጠሩ ቶክኖች ጥቂት ካደጉ በኋላ ወደ ሬይዲየም ይሻገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ፓምፕ ፋን የራሱን ዴክስ ከፈተ፣ ከሬይዲየም ቮሊዩም ጉልህ የሆነው ወደዚያ ዞረ። ሬይዲየም በዚያ ቀን አልተበላሸም። የተለወጠው የቶክኖቹ መንገድ ነው።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ኤፍቲኤክስ የተባለው የተማከለ የክሪፕቶ ገበያ ሲወድቅ ደንበኞቹ ገንዘባቸው የት እንዳለ ማየት አልቻሉም ነበር፤ ዴክስ ላይ ግን ፑሉ ውስጥ ያለውን ማንም ያያል። ማንም የፈለገ ሰው ኢተርስካን ወይም ሶልስካን የተባሉትን መዝገቡን የሚያሳዩ ድረ ገጾች ከፍቶ የትኛው አድራሻ ስንት እንደለወጠ ማንበብ መቻሉም ትልቅ ነገር ነው። ባሕር ዳር ያለ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ዱን ላይ ኤስኪውኤል (መረጃ የሚጠየቅበት የኮምፒውተር ቋንቋ) ጽፎ የአንድን ፑል ግብይት አድራሻ በአድራሻ ማውጣት ይችላል፤ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ገንዘብም አይከፍልም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ በር ክፍት ሆኖ ሳለ ጸሐፊው የተደመረውን ቁጥር ብቻ ገልብጠው ማምጣታቸው ነው።

አራተኛው ነጥብ ገንዘብ ወደ ፑል አስገቡ የሚለው ምክር ነው። ጸሐፊው ቮሊዩሙን ፑሉ ውስጥ ላለው ገንዘብ አካፍለው፣ ሬሾው የበለጠበት ፑል የበለጠ ይከፍላል ብለዋል። ክፍያው ከቮሊዩም ስለሚቆረጥ ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ዋጋ ሲንቀሳቀስ የሚደርሰው ኪሳራ ነው። ቀደም ብለን ባየነው ቀመር፣ ያስገባኸው ቶክን ዋጋው በእጥፍ ቢጨምር፣ ፑል ውስጥ ያለው ገንዘብህ ዝም ብለህ በእጅህ ይዘኸው ቢሆን ኖሮ ከሚኖርህ በ5.7 በመቶ ያንሳል። አራት እጥፍ ቢጨምር በ20 በመቶ ያንሳል። ቶክኑ ከወደቀ ደግሞ ፑሉ ጥሩውን ገንዘብህን እየሰጠ የወደቀውን ይሰበስብልሃል፤ በመጨረሻ የሚቀርህ ማንም የማይገዛው ቶክን ነው። ቮሊዩም የሚበዛውም አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ በሚናወጥበት ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ሬሾው የበለጠበት ፑል ኪሳራውም የሚከፋበት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ሦስተኛው የዩኒስዋፕ ስሪት ላይ ደግሞ ባለገንዘቡ የሚሠራበትን የዋጋ ክልል ራሱ ይመርጣል፤ ዋጋው ከክልሉ ከወጣ ምንም አይከፈለውም። ያንን ቀንና ሌሊት እየተከታተሉ የሚያስተካክሉት ባለሙያዎችና ፕሮግራሞች ናቸው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ የሚጠፋበት ዶርም ውስጥ ያለ ልጅ ከነርሱ ጋር እኩል ነው ማለት እውነት አይደለም።

ፑሉ ውስጥ ያለውን የገንዘብ ብዛትም ቢሆን በጭፍን መቀበል አይገባም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ሱሺስዋፕ የተባለው ተፎካካሪ ዴክስ የራሱን ቶክን ሽልማት አድርጎ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከዩኒስዋፕ ወደ ራሱ አዛውሯል። ለሽልማት የመጣ ገንዘብ ሽልማቱ ሲቀንስ ይሄዳል።

የመጨረሻው ነጥብ ከጣና ዳርም ከኒውዮርክም ሁሉም እኩል ነው፣ ሕግም አይመለከተውም የሚለው ነው። ሠንጠረዡ ከዶላር ይጀምራል። የባሕር ዳር ወጣት ግን የሚጀምረው ከብር ነው። ዩኤስዲቲ የሚያገኘው ከማያውቀው ሰው በፒቱፒ (ሰው ከሰው በቀጥታ በሚገበያይበት መንገድ)፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ገንዘብ ልኮ ነው፤ ሲገባ በአንድ ዋጋ፣ ሲወጣ በሌላ ዋጋ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያ ዋጋ ራሱ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል። የገዛበትና የሸጠበት ልዩነት 3 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ 0.01 በመቶ የሚያስከፍል ዴክስ መረጠም 0.3 በመቶ የሚያስከፍል፣ ለርሱ ትርፉን የሚወስነው ያ አይደለም። ጸሐፊው የዴክሶቹን ክፍያ እስከ አራተኛ አሐዝ ሲያወዳድሩ ትልቁን ወጪ ከሠንጠረዡ ውጭ ትተውታል።

ሕጉን በተመለከተ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ብር የሀገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ መሆኑን አስታውሶ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አሳውቋል። ዴክሱ ቢሮ የሌለው ኮድ መሆኑ ይህን አይለውጠውም፤ ብሩን የላከው፣ የባንክ ሒሳቡ በስሙ የሆነው ልጁ ነው። ተጭበርብሮ ቢከስር የሚያመለክትበት ቦታ ያጥረዋል፣ ሲያመለክትም ራሱን ያጋልጣል። ይህን ሳይጽፉ ያለ ስጋት የሚል ቃል መጻፍ አይገባም ነበር።

ጸሐፊው ሠንጠረዡን እንደገና ቢያወጡት ደስ ይለኛል፤ እጃቸው ለዚህ ሥራ የሚበቃ ነው። ያኔ አግሪጌተሮቹን ለብቻ ያውጡ። የስቴብልኮይን ፑሎችን ከሚም ኮይን ፑሎች ይለዩ። ከቮሊዩሙ አጠገብ በዚያው ፑል ውስጥ 100 ዶላርና 1,000 ዶላር ቢለወጥ ስንት እንደሚገኝ ይጻፉ፤ ይህ ቁጥር በይስሙላ ግብይት አይሻሻልም። ከጠቅላላው ግብይት አሥሩ ትልልቅ አድራሻዎች ስንት በመቶውን እንደያዙ ያሳዩ። አንድ ቀን ሳይሆን ሦስት ወር ይውሰዱ፣ ሽልማት የነበረበትን ሰሞን ምልክት ያድርጉበት። ቁጥሩን ያወጡበትን ኤስኪውኤልም አብረው ይልቀቁት፤ የፖሊ ተማሪዎች ራሳቸው አስኪደው እንዲያዩት። ገንዘባችሁን ፑል ውስጥ አስገቡ የሚለውን አንቀጽ ግን ሠንጠረዡ እስኪስተካከል ሳይጠብቁ፣ ከተለጠፈበት ግሩፕ ሁሉ ዛሬውኑ ያንሱት።